ለየትኛው ዳዶ? በሶዶ መንገድ ዳር የባትሪ መፍቻ ምርጫ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ አባርቷል። የዳሞታ ተራራ አናት ግን ገና ጉም እንደተከናነበ ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ አረካ በሚያወጣው አስፋልት ዳር፣ ያረጁ ጎማዎች ከተደረደሩባት የቆርቆሮ ቤት ፊት አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የመጣ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ካሉት ጥንድ ጎማዎች የውጪኛው ፈንድቷል። ሹፌሩ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሙዝ ጊዜ አይሰጥም።

የጎሚስታው ረዳት፣ ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ፣ ከቤት ውስጥ አዲስ ዕቃ ይዞ ወጣ። ሽጉጥ የሚመስል፣ ከእጀታው ሥር ባትሪ የተሰካበት የጎማ መፍቻ ነው። ቡሶላውን ዳዶው ላይ ሰካና ጫን አለው። ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ መንገዱን ሞላው። ዳዶው ንቅንቅ አላለም። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ደገመው።

«ተው! ተው አንተ ልጅ፣ ግራ ጎማ እኮ ነው!» አሉ ጎሚስታው ከተቀመጡበት እየተነሡ። «እያጠበቅኸው ነው። አዙረው።»

«ውይ፣ ረሳሁት ጋሼ» አለና ማዞሪያዋን በአውራ ጣቱ ገፍቶ እንደገና ሞከረ። ማሽኑ ተንጫጫ፣ ሞቀ፣ ዳዶው ግን እምቢ አለ። በመጨረሻ የወጣው የድሮው መፍቻ ነበር። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ቱቦ ሰኩበትና ሹፌሩና ልጁ ተጋግዘው ተንጠለጠሉበት። «ቋ!» ሲል የመጀመሪያው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀርተው ነበር።

ልጁን ይህን ማሽን በምን መረጥከው ብዬ ጠየቅሁት። ሣጥኑን አምጥቶ አሳየኝ። በትልቁ የተጻፈ ቁጥር አለበት። «ከሁሉም ትልቁ እሱ ነበር» አለኝ። ገንዘቡን ለወራት አጠራቅሞ ነው የገዛው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም የዚያ ልጅ ፊት ነው። የባትሪ መፍቻ በየከተማው እየገባ ነው፤ ለጎሚስታም፣ ለጋራዥ ሠራተኛም፣ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሹፌርም ወገብ የሚያሳርፍ መልካም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ማሽን የሚመረጠው ሣጥን ላይ በተጻፈ ቁጥር ሳይሆን በሚፈታው ዳዶ ነው። ዳዶው ምን ያህል እንደሚጠይቅ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የሰው ሕይወት የተሸከመ ጎማ ያበላሻል።

ሶዶ ለዚህ ምርጫ ከባድ ቦታ ናት። ከተማዋ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንዱ መንገድ በቦዲቲና በሐላባ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ፣ አንዱ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ አንዱ በሁምቦ አልፎ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሌላውም ወደ ዳውሮና ወደ ሳውላ አቅጣጫ ይወጣል። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የመንግሥት መኪናው ተጨምሯል። አንድ ጎሚስታ ፊት በአንድ ማለዳ ባጃጅ፣ ሱዙኪ ዲዛየር፣ ሃያስ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ከዚያም ባለ አሥር ጎማ ሲኖትራክ ይቆማል። የመኪና እሽቅድምድም ሠራተኛ ምርጫው ቀላል ነው፤ የሚያውቀው አንድ መኪና፣ አንድ ዓይነት ዳዶ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በኳታር በተደረገው የፎርሙላ ዋን ውድድር የማክላረን ቡድን አራቱንም ጎማ በ1.80 ሴኮንድ ቀይሮ ክብረ ወሰን ሰብሯል። እዚያ ግን እያንዳንዱን ጎማ የሚይዘው መሐል ላይ ያለ አንድ ዳዶ ብቻ ነው፤ መፍቻውም የሚሠራው በባትሪ ሳይሆን በታመቀ ጋዝ ነው። የሶዶው ጎሚስታ ግን በጭቃ የተለሰነ፣ የዛገ፣ ማን እንዳጠበቀው የማይታወቅ ዳዶ ነው የሚገጥመው።

እንግዲህ ዳዶው ምን ይጠይቃል? የመጠምዘዝ ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ነገሩን በዓይን ለማየት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ አግድም ሰክታችሁ ጫፉ ላይ አሥር ኪሎ ጎደሬ አንጠልጥሉ። ዳዶው ላይ የሚያርፈው ጉልበት 98 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ቶዮታ ለኮሮላ የጎማ ዳዶ ያዘዘው 103 ነው፤ ከአሥር ኪሎ ተኩል ጎደሬ ብዙም አይበልጥም። የሱዙኪ ትንንሽ መኪኖች ከ85 እስከ 100 ባለው ውስጥ ናቸው። አይሱዙ ኤን ፒ አር ግን 440 ገደማ ይጠይቃል። በዚያው አንድ ሜትር መፍቻ ላይ 45 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ደግሞ 600 እና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ።

ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር በሆነ የእጅ መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም ዳዶው ላይ የሚያሳርፈው 343 ኒውተን ሜትር ነው። ያ ለአይሱዙ አይበቃም፤ ለዚህ ነው ቱቦ የሚሰካው። በአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ያው ሰው ከ1,000 በላይ ያገኛል። ይህ ስሌት ሌላም ነገር ይናገራል። የኮሮላ ዳዶ ሲያጠብቅ መፍቻው ላይ ቆሞ የሚረግጥ ሰው፣ ፋብሪካው ካዘዘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ያጠበቀው። ብሎን እንደ ላስቲክ ነው፤ በልኩ ሲሳብ ጎማውን ጨምቆ ይይዛል፣ ከልኩ ሲያልፍ ይለጠጥና አይመለስም። የተለጠጠ ብሎን አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበጠሳል። መንገድ ላይ ጎማ ሲወልቅ አብዛኛው ሰው «ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው» ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም፤ ከመጠን በላይ ስለጠበቀም ይወልቃል።

የባትሪ መፍቻው ይህን ሁሉ ጉልበት ከየት ያመጣዋል? ሞተሩ ትንሽ ነው፤ ቀጥታ ቢጠመዝዝ የያዘውን ሰው አንጓ ይሰብር ነበር። ምሥጢሩ ውስጡ ያለው መዶሻ ነው። ሞተሩ ከባድ ብረት ያሽከረክራል። ዳዶው እምቢ ሲል ያ ብረት ስፕሪንጉን እየጨመቀ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ተለቆ ቡሶላው የተሰካበትን ዘንግ ከጎን ይመታዋል። ይህ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። የሰማነው ጠጠጠጠ የዚያ ድምፅ ነው። ዝገትን የሚያላቅቀው ምቱ ስለሆነ የሠራተኛው እጅ ላይ የሚደርሰው ንዝረት እንጂ መጠምዘዝ አይደለም። ሴትም ሽማግሌም ሊይዘው የሚችለው ለዚህ ነው።

ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳየው ትልቁን ነው። አንዱ ማሽኑ ሲያጠብቅ የሚደርስበት ልክ ነው። ሁለተኛው የጠበቀ ዳዶ ለማላቀቅ የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበት ነው። ማኪታ የተባለው አምራች 1002 የሚለው ማሽን ሲያጠብቅ 1,000፣ ሲያላቅቅ 1,600 ኒውተን ሜትር ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሚልዋኪ የተባለው ሌላ አምራች 2767 ደግሞ 1,356 እና 1,898። ከማኪታ አነስተኛዎቹ አንዱ 300 የሚባለው 330 እና 580 ነው። በልጁ ሣጥን ላይ ያለው ቁጥር ከእነዚህ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይናገርም ነበር። ቁጥሩ የቱን እንደሚለካ ያልጻፈ ሣጥን ስታዩ አስቀምጡትና ሌላ ጠይቁ።

ስለ ቮልት ደግሞ ደግሜ ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ 288፣ 388፣ እንዲያውም 998 የሚሉ ቁጥሮች ከጀርባቸው ቪ እና ኤፍ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ተከትለዋቸው የተለጠፉባቸው ርካሽ ማሽኖች አሉ። ገዢው 388 ቮልት ነው ብሎ ያስባል። በእጅ የሚያዝ የጎማ መፍቻ እንዲህ ያለ ባትሪ የለውም። ደህና የሚባሉት በአብዛኛው 18 ቮልት ናቸው፤ ውስጣቸው 3.6 ቮልት የሆኑ አምስት የሊቲየም ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል፤ አምስት ጊዜ 3.6 አሥራ ስምንት ነው። «20 ቮልት» የሚለውም ያው ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚያሳየውን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ 20 ከ18 ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው እንዳይሆን ከቮልቱ ይልቅ አምፔር ሰዓቱን ማየት ይጠቅማል። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአብዛኛው አሥር ሴል አለው፤ ብዙ ከመያዙም በላይ ለከባድ ምት የሚፈለገውን ጉልበት ባንድ ጊዜ ይለቃል። ጥሩ ማሽን ላይ ትንሽ ባትሪ መሰካት ጠንካራ በሬን ገለባ ብቻ አብልቶ እረስ እንደማለት ነው።

ጎሚስታው ኮምፕሬሰር አላቸው፤ ጎማ የሚነፋው በሱ ነው። በአየር የሚሠራ መፍቻ ለምን አልገዙም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የአየር መፍቻ ርካሽ ነው፣ ብዙ ዓመትም ያገለግላል። ነገር ግን ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ስለሚሳሳ ታንኩን ለመሙላት የበለጠ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። የአየር መፍቻ ደግሞ አየር ጠጪ ነው። ሁለት ሦስት የአይሱዙ ዳዶ እንደፈታ ታንኩ ይጎድልና ቆሞ መጠበቅ ይመጣል። የባትሪው ሞተር አይተነፍስም፤ ከፍታ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገድ ላይ ሄዶ መሥራት ይቻላል። የፈነዳበት ሹፌር ሁምቦ ቁልቁለት ላይ ሆኖ ሲደውል ኮምፕሬሰር ተሸክሞ አይኬድም።

የመብራቱ ነገር ያንገበግባል። ግልገል ጊቤ ሦስት የኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራው እዚሁ በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀ ሲሆን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ጎሚስታው ቤት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሲመለስም ከፍ ዝቅ እያለ ነው። ቻርጀር የሚያቃጥለው ይሄ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ የባትሪ መፍቻ የሚገዛ ሰው ሁለት ባትሪና አንድ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ካልጨመረበት ግዢው ገና አላለቀም። ባትሪው የዋጋውን ትልቅ ድርሻ ስለሚይዝ፣ የዚያው አምራች ባትሪ ከሦስት ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ይገኝ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ባትሪ ጠፍቶለት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አይቻለሁ። ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው መኪና መስታወት ሥር መተውም፣ ከሥራ ወጥቶ እንደጋለ መሰካትም ዕድሜውን ያሳጥራል።

ወደ ዳዶው ልመለስ። በዚያች ማለዳ ማሽኑ የከሸፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አቅም ነው፤ 440 ኒውተን ሜትር ተጠብቆ፣ የወላይታ ቀይ አፈር ጭቃ ገብቶበት፣ ዝጎ ከርሞ የነበረ ዳዶ ለመላቀቅ ከተጠበቀበት በላይ ይጠይቃል። ሁለተኛውን ጎሚስታው በአንድ ቃል ነው የተናገሩት፦ «ግራ»። በጃፓን ደረጃ የተሠሩት የቆዩ አይሱዙዎች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው። በቀኝ በኩል ወደ ግራ ሲዞር የሚፈታው፣ በግራ በኩል ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። የብሎኑ ጫፍ ተጠርጎ ቢታይ ኤል የምትል የላቲን ፊደል ተቀርጻበታለች። በእጅ መፍቻ ሲሠራ ይህ ስሕተት ብዙ አይጎዳም፤ እጅ ይነግርሃል። ማሽን ግን በአምስት ሴኮንድ ውስጥ የጠበቀውን ይበልጥ ያጠብቃል፣ ብሎንም ይበጥሳል። አዳዲሶቹ የጭነት መኪኖች በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ጥርስ እያላቸው ስለመጡ ልጆች ይህን ሳያውቁ ማደጋቸው አያስገርምም። የድሮዎቹ አይሱዙዎች ግን ገና ብዙ ዓመት መንገዳችን ላይ ናቸው።

የነዚያ አይሱዙዎች የኋላ ጎማ ሌላም ጉድ አለው። የውጪው ጎማ በ41 ቁጥር ቡሶላ በሚፈታ ትልቅ ዳዶ ይያዛል፤ ከሥሩ የውስጠኛውን ጎማ የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን 21 ቁጥር አለ። የውስጡን ለማጥበቅ መጀመሪያ የውጪውን ማላላት ግድ ነው። በችኮላ የውጪውን ብቻ በማሽን ጠጠጠ አድርጎ መልቀቅ የውስጡ እንደላላ እንዲሄድ ያደርጋል።

ማሽኑን የሚበላው ሌላው ነገር ቡሶላ ነው። ብዙ ሰው ለማሽኑ ከፍሎ ሲጨርስ ቤት ያለውን የሚያብረቀርቅ የእጅ ቡሶላ ይሰካበታል። የሚያብረቀርቀው በክሮም ቫናዲየም የተሠራ ነው፤ ጠንካራ ነው ግን ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ለሚመታ መፍቻ የሚሆነው ጥቁሩ፣ ከክሮም ሞሊብዲነም የተሠራው ወፍራም ቡሶላ ነው። ስድስት ማዕዘን ያለውን ምረጡ፤ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ የዳዶውን ጠርዝ ይልጣል። ለቶዮታ 21፣ ለሱዙኪ 19፣ ለአይሱዙ 41፣ ለአዳዲሶቹ ትልልቅ መኪኖች 33 ከያዛችሁ የሶዶ መንገድ አብዛኛው ይሸፈናል። የዓይን መከላከያ መነጽር ደግሞ ከቡሶላው ጋር አብሮ ይገዛ።

ታዲያ የቱን እንግዛ? ሃያስና ትንንሽ የቤት መኪና ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ወይም ኮሮላውን ይዞ አዲስ አበባ ሶዶ የሚመላለስ ሰው፣ ግማሽ ኢንች ጫፍ ያለው፣ ሲያጠብቅ 300 አካባቢ የሆነ ቀላል ማሽን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መግዛት ክንድ ማድከም ነው። አይሱዙ ለሚሠራ ሲያጠብቅ 1,000 የሚደርሰውን ነው የምመክረው፤ ከባትሪው ጋር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን ጎንበስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ለሚይዝ ሰው ከባድ ነው፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ሲኖትራክ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው ጫፉ ሦስት ሩብ ኢንች የሆነውን ይፈልግ፤ ግማሽ ኢንች ጫፍ ለዚያ ሥራ ሁልጊዜ አይዘልቅም። ባጃጅ ላይ ማሽን አታስገቡ። ብሎኗ ቀጭን ናት፤ እጅ ይበቃታል። ሁለት ማሽን መግዛት የማይችል ጎሚስታ የአይሱዙውን ገዝቶ ለትንንሾቹ ዝቅተኛውን ፍጥነት ይጠቀም። ስለዚህ ፍጥነቱ የሚቀያየር፣ ሞተሩ የካርቦን ብሩሽ የሌለው፣ ሲፈታም ዳዶው እንደላላ ራሱ የሚቆም መሆኑን ይመልከት። የመጨረሻው ቅንጦት አይደለም፤ ዝናብ በዘነበበት መንገድ ዳር ጭቃ ውስጥ ተስፈንጥሮ የጠፋ ዳዶ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው። እነዚህ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ ብዙዎቹ ስኮርታም የላቸውም። ክሪክ የሚገባው አምራቹ ምልክት ያደረገበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ከተገፋ የሚነካው ከወለሉ ሥር የተዘረጋው ባትሪ ነው። ማሽን የያዘ ጎሚስታ ይህን አብሮ ቢማር ደንበኛ አያጣም።

ጥብቀቱን ለመጨረሻ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። የባትሪ መፍቻ የሚፈታ እንጂ የሚለካ መሣሪያ አይደለም። ዳዶ ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ከመቶ ዘጠና ያህሉ በመፋተግ ያልቃል፤ ብሎኑን ለመሳብ የሚተርፈው አሥር ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ያለች ጭቃ ወይም ዝገት ዳዶው የጠበቀ እያስመሰለች ልል ታስቀረዋለች። ግራሶ የተቀባ ጥርስ ደግሞ በተቃራኒው በዚያው ጉልበት ብሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል። አምራቹ ካላዘዘ በቀር ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ደረቅ ይሁን። ዳዶው መጀመሪያ በጣት ሁለት ሦስት ዙር ይግባ፤ የሱዙኪና የቶዮታ ብሎን ውፍረታቸው አንድ ሆኖ ጥርሳቸው ይለያያል፤ ማሽን የተሳሳተውን በግድ አስገብቶ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ በማሽኑ ዝቅተኛ ፍጥነት በተቃራኒ እያዘዋወሩ ማስያዝ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ደግሞ በቶርክ ቁልፍ ልኩ ላይ ማድረስ ነው። ቶርክ ቁልፍ «ቀጭ» ብሎ የሚናገር፣ ከማሽኑ ብዙ የሚረክስ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ እኔ መጀመሪያ የምገዛው እሱን ነው፤ ቱቦው ይፈታል፣ ልክን ግን ቱቦ አይነግርም።

ያን ዕለት ስድስቱም ዳዶ ተፈትቶ፣ ጎማው ተቀይሮ ሲገጠም ጎሚስታው ልጁን አስቀምጠው ራሳቸው በእጅ አጠበቁት። ለሹፌሩም «ትንሽ ሄደህ ቁምና ድገመው፣ እሺ?» አሉት። ሹፌሩ «እሺ ጋሼ» ብሎ ለመደገፊያ ያስቀመጡትን ሁለት ድንጋዮች ራሱ አንሥቶ ከመንገዱ አራቃቸውና ሄደ።

እናንተም ጎማ ከቀየራችሁ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቆማችሁ ዳዶውን በእጅ ፈትሹ። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ መንገድ ሳትደርሱ ቁሙ። ድንጋዩንም አንሡ።